ቶማስ ኤዲሰንና በግድግዳ ውስጥ የተሰወረው ሥራው

የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ጨለማን ለማሸነፍ ብዙ ደክሟል። በመጀመሪያ በእንጨት እሳት፣ ቀጥሎም በጧፍ፣ በኩራዝና በፋኖስ ሲጠቀም ከኖረ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ብርሃን ተሸጋገረ። የኤሌክትሪክ ብርሃን በተነሣ ቁጥርም የአሜሪካዊው የቶማስ አልቫ ኤዲሰን ስም አብሮ ይነሣል። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ኤዲሰንን የምናውቀው አምፖል የሠራ ሰው በመባሉ ብቻ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ግን ከሚታየው አምፖል ይልቅ የማይታየው ሥራው፣ ማለትም በግድግዳ ውስጥ የተሰወረው የሽቦ፣ የማብሪያ ማጥፊያና የሶኬት ሥርዓት፣ የበለጠ ሊደነቅ የሚገባው መሆኑን ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልን እንጠይቃለን።

ቶማስ ኤዲሰን በፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር፣ ማይላን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሳሙኤል፣ እናቱ ናንሲ ይባሉ ነበር። ለወላጆቹ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። በ1854 ቤተ ሰቡ ከማይላን ተነሥቶ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር ወደምትገኘው ወደ ፖርት ህዩረን ተዛወረ።

ኤዲሰን ትምህርት ቤት የገባው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው። ጥያቄ የሚያበዛና ሐሳቡ የሚባዝን ልጅ ስለ ነበረ፣ አስተማሪው አእምሮው የተዛባ ነው ብሎ ፈረደበት። እናቱ ይህን በሰማች ጊዜ እጅግ ተቆጥታ ከትምህርት ቤት አወጣችው፤ እርስዋ ራስዋ ቀደም ሲል አስተማሪ ነበረችና በቤትዋ ታስተምረው ጀመር። ማንበብን አስወደደችው፤ የሳይንስ መጻሕፍትንም ሰጠችው፤ እርሱም በመጽሐፍ ያነበበውን ሁሉ በእጁ ካልሞከረው አያምንም ነበር። ወላጆችና መምህራን ይህን ጽሑፍ ሲያነቡ የዚህችን ሴት ታሪክ ልብ እንዲሉልን እንወዳለን። አንድ አስተማሪ ተስፋ የቆረጠበትን ልጅ አንዲት እናት በትዕግሥት ብታስተምረው ለዓለም ሁሉ የሚተርፍ ሰው ሆኗልና።

ዕድሜው 12 ዓመት ሲሆን ከፖርት ህዩረን ወደ ዲትሮይት በሚመላለሰው ባቡር ላይ ጋዜጣና ከረሜላ ይሸጥ ጀመር። ባገኘው ገንዘብ የኬሚስትሪ ዕቃዎችን እየገዛ በባቡሩ የጓዝ ፉርጎ ውስጥ ትንሽ የመሞከሪያ ቦታ አበጀ፤ በዚያው ፉርጎም የራሱን ጋዜጣ እያተመ ሸጠ። ጆሮው ገና ከልጅነቱ ጀምሮ በደንብ አይሰማም ነበር፤ እርሱ ግን ይህን ጉድለት ሥራውን ለመተው ምክንያት አላደረገውም።

በ1862 በአንድ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ሳለ፣ የጣቢያው ሹም ትንሽ ልጅ በሐዲድ ላይ ሲጫወት ፉርጎ ሊደፈጥጠው ሲደርስ አየ። ሮጦም ከሞት አዳነው። አባትየውም ውለታውን ለመመለስ የቴሌግራፍ ሥራ አስተማረው። ኤዲሰን ስለ ኤሌክትሪክ በተግባር የተማረው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በቴሌግራፈኛነት አገለገለ፤ ደመወዙንም ባብዛኛው ለመጻሕፍትና ለመሣሪያ ያውለው ነበር።

በ1869 የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት አገኘ። ፈጠራው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎች ድምፅ ሲሰጡ በኤሌክትሪክ ፈጥኖ የሚቆጥር መሣሪያ ነበር። ነገር ግን የምክር ቤት ሰዎች ድምፁ ቶሎ እንዲቆጠር አልፈለጉም፤ በቆጠራው መዘግየት መካከል የሚያገኙትን የመከራከሪያ ጊዜ እንዳያጡ ሠጉ። መሣሪያው በደንብ ቢሠራም የሚገዛው ጠፋ። ኤዲሰን ከዚህ አንድ ትልቅ ትምህርት ተማረ፤ ከዚያ ወዲያ ሰዎች በእርግጥ የሚፈልጉትን ነገር ካልሆነ በቀር ላለመሥራት ወሰነ። ይህም ውሳኔ በኋላ በኤሌክትሪክ መብራት ሥራው ላይ ጎልቶ ታይቷል።

በ1876 በኒው ጀርሲ ክፍለ ሀገር ሜንሎ ፓርክ በሚባል ስፍራ ታላቅ የምርምር ቤት ሠራ፤ የእጅ ጥበብ፣ የሒሳብና የኬሚስትሪ ዐዋቂዎችንም ሰብስቦ ከእርሱ ጋር እንዲሠሩ አደረገ። በ1877 ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ስለ ሠራ ዝናው በዓለም ተሰማ። በ1878 ደግሞ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መብራት መለሰ።

በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ መብራት ፈጽሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። በሁለት የከሰል ዘንጎች መካከል በሚዘል ብልጭታ የሚበራ ኃይለኛ መብራት በአንዳንድ አደባባዮች ይታይ ነበር። ነገር ግን ብርሃኑ ዓይን የሚወጋ ስለ ሆነ ለመኖሪያ ቤት አይመችም። ከዚህም በላይ መብራቶቹ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ በአንድ መሥመር ተራ በተራ የተያያዙ ስለ ነበሩ፣ አንዱ ሲጠፋ የሌሎቹ መንገድ እንዳይቋረጥ ልዩ መላ ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሥርዓት አንድ ሰው መኝታ ቤቱን አጨልሞ ሳሎኑን ለማብራት፣ ወይም ጎረቤቱን ሳይነካ የራሱን መብራት ለማጥፋት እንዴት ይቻለዋል?

ኤዲሰን ሐሳቡን ያሳረፈው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። መልሱም መብራቶችን በአንድ መሥመር ከመቀጠል ይልቅ በሁለት ዋና ሽቦዎች መካከል፣ እንደ መሰላል እርከን ጎን ለጎን ማያያዝ ሆነ። እያንዳንዱ መብራት ከአንደኛው ዋና ሽቦ ኃይሉን ይቀበላል፤ ወደ ሁለተኛውም ይመልሳል። አንዱ እርከን ቢቋረጥ ሌሎቹ እንዳሉ ይቀራሉ። በእያንዳንዱም እርከን ላይ ትንሽ ማቋረጫ ቢደረግ፣ ሁሉም ሰው በራሱ መብራት ላይ ጌታ ይሆናል። ማብሪያ ማጥፊያ የምንለው ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ሌላ ችግር ነበረ። መብራቶች ጎን ለጎን ሲበዙ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ መጠን ይበዛል፤ ለዚያም ወፍራም የመዳብ ሽቦ ያስፈልጋል፤ መዳብ ደግሞ ውድ ነው። ኤዲሰንና ፍራንሲስ አፕተን የተባለው የሒሳብ ዐዋቂ ረዳቱ ነገሩን አስልተው፣ አምፖሉ የኤሌክትሪክን ጉዞ አጥብቆ የሚቃወም ቀጭን ክር ቢኖረው በጥቂት ኤሌክትሪክ ሊበራና ሽቦውም ሊቀጥን እንደሚችል ተረዱ። ስለዚህ ኤዲሰን ያንን ዝነኛ ክር ሲፈልግ የነበረው እንዲያው ለመብራቱ ብቻ ሳይሆን፣ ሥርዓቱ በሙሉ በተመጣጣኝ ዋጋ ወደ ሰዎች ቤት እንዲገባ በማሰብ ጭምር ነው። ከብዙ ሙከራ በኋላ በኦክቶበር 1879 ከሰል የሆነ የጥጥ ክር አየር በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ከ13 ሰዓት በላይ አበራ። በ1880 ደግሞ ከቀርከሃ በተሠራ ክር ከ1200 ሰዓት በላይ የሚቆይ አምፖል ተገኘ።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል ልንጨምረው የሚገባ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር ጆሴፍ ስዋን የተባለ ሰው በዚያው ዘመን የራሱን አምፖል ሠርቶ አሳይቷል፤ በ1883ም የሁለቱ ኩባንያዎች በእንግሊዝ አገር ተባብረዋል። ወላጆቹ ከባርነት ያመለጡ ጥቁር አሜሪካዊው ሉዊስ ላቲመር ደግሞ የከሰል ክር አሠራርን አሻሽሎ በ1882 የፈጠራ መብት አገኘ፤ በ1884 ከኤዲሰን ኩባንያ ጋር ሠራ፤ በ1890ም ስለዚሁ የመብራት ሥርዓት መጽሐፍ ጻፈ። ታላላቅ ሥራዎች ባንድ ሰው ስም ቢጠሩም የብዙ ሰዎች ድካም ያለባቸው መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ኤዲሰን አምፖሉን ከሠራ በኋላ አላረፈም። ፋኖስ ገዝቶ ጋዝ መጨመር ለማንም ይበቃል፤ ኤሌክትሪክ ግን የሚያመነጨው፣ የሚያጓጉዘው፣ የሚያከፋፍለው፣ የሚቆጥረውና የሚያቋርጠው መሣሪያ ሁሉ ካልተሟላ አይሠራም። እነዚህ ዕቃዎች በዚያን ጊዜ በማንኛውም ሱቅ አይገኙም ነበርና ኤዲሰንና ረዳቶቹ ሁሉንም ራሳቸው መፍጠር ነበረባቸው። አምፖሉ ተሽከርክሮ የሚገባበትን ጥርስ ያለው ማቀፊያ አበጁ፤ ይህ ዓይነት ማቀፊያ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገር በኤዲሰን ስም ይጠራል። ኤሌክትሪክ ከመጠን በላይ ሲፈስ ቀልጦ መንገዱን የሚቆርጠውን ፊውዝ፣ ማለትም ቫልቮላ የምንለውን፣ ኤዲሰን በ1880 የፈጠራ መብት አወጣበት። ደንበኛው የተጠቀመበትን የሚለካ ቆጣሪም ተሠራ።

ቀጥሎም በኒው ዮርክ ከተማ ፐርል በሚባል መንገድ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቤት አቋቋመ። እያንዳንዱ ማመንጫ ሞተር 27 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ሽቦዎቹን በእንጨት ላይ ከመስቀል ይልቅ ከመንገድ በታች አስቀበራቸው፤ ኤዲሰንም ከሠራተኞቹ ጋር በጉድጓዱ ውስጥ ይገኝ ነበር። በሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ዎል ስትሪት በሚገኘው በባለ ባንኩ በጄ. ፒ. ሞርጋን ቢሮ ውስጥ ሆኖ መብራቱ እንዲበራ አደረገ። በመጀመሪያው ቀን የበሩት 400 ያህል አምፖሎች ነበሩ፤ በ1884 ግን ደንበኞቹ 508፣ አምፖሎቹም 10,164 ደረሱ።

ነገር ግን ኤሌክትሪክ መልካም አገልጋይ እንደ ሆነ ሁሉ ቁጥጥር ካጣ ክፉ ጠላት ነው። ሞርጋን በዚያው በ1882 በኒው ዮርክ የሚገኘውን መኖሪያ ቤቱን በኤሌክትሪክ አስበርቶ ነበር። በመጽሐፍት ቤቱ ውስጥም እስከ ጽሕፈት ጠረጴዛው ድረስ ሽቦ አስሳበ። ይህ ሽቦ ተበላሽቶ እሳት አስነሣና ጠረጴዛውንና ምንጣፉን አቃጠለ። ሞርጋን ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ሥራው ታርሞ እንደ ገና እንዲሠራለት አዘዘ። ከዓይን የተሰወረ ሽቦ ለቤቱ ውበት ይሰጣል፤ ዳሩ ግን ጉዳቱም አብሮ ይሰወራል። የተሰወረውን ነገር የሚሠራ ሰው ከሚታየው ነገር ሠሪ ይልቅ ሐቀኛ መሆን ያለበት ስለዚህ ነው፤ ሥራውን መርምሮ የሚወቅሰው የለምና።

ሌሎች ሰዎችም በኤዲሰን ሥራ ላይ የየራሳቸውን ጨመሩ። የመጀመሪያዎቹ ማቋረጫዎች ቀስ ብለው ሲለያዩ በመካከላቸው ብልጭታ ይዘልና ብረቱን ያቃጥለው ነበር። ጆን ሄንሪ ሆምዝ የተባለ የእንግሊዝ አገር መሐንዲስ በ1884 በቅጽበት ተፈናጥሮ የሚለያይ ማብሪያ ማጥፊያ ሠራ፤ ዛሬ ማብሪያ ማጥፊያ ስንጫን ቀጭ የሚል ድምፅ የምንሰማው በዚሁ ፈጣን አሠራር የተነሣ ነው። በጥንቱ ቤቶች ደግሞ ሶኬት ስላልነበረ የኤሌክትሪክ ካውያና የመሳሰለው ዕቃ ኃይል የሚያገኘው አምፖል ተፈትቶ በስፍራው ሽቦው ሲታሠር ነበር። አሜሪካዊው ሃርቪ ሃበል በ1904 በቀላሉ የሚሰካና የሚነቀል መሰኪያ የፈጠራ መብት ስላወጣበት ይህ ድካም ቀረ።

የኤዲሰን የመሰላል ሥርዓት ዛሬም በየቤታችን እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ብናስረዳ ለአንባቢ የሚጠቅም ይመስለናል። ማቀዝቀዣ፣ የልብስ ማጠቢያ ወይም ትልቅ ቁም ሳጥን ግድግዳ ተጠግቶ ሲቆም ሶኬቱ ከበስተጀርባ ይሸሸጋል። አደጋ ቢነሣ ከባዱን ዕቃ ገፍቶ መንቀል አይቻልም። ስለዚህ ብልህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የተሸሸገ ሶኬት፣ እጅ በሚደርስበት ግድግዳ ላይ የራሱን ማብሪያ ማጥፊያ ያደርግለታል። ፌዝ ከሚባለው ኃይል ካለበት ሽቦ ለእያንዳንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ቅርንጫፍ ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱም ማብሪያ ማጥፊያ አንድ የተለየ ሽቦ ወጥቶ ወደ ራሱ ሶኬት ይሄዳል። ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦና ወደ መሬት የሚወርደው የደኅንነት ሽቦ ግን ሳይቋረጡ በቀጥታ ወደ ሶኬቱ ይገባሉ። እንዲህ ሲሆን አንዱን ሶኬት ስናጠፋ ሌላው እንደ በራ ይቆያል።

በዚህ ሥራ ጥንቃቄ ያሻል። ማቋረጫው በፌዙ ላይ መሆን ሲገባው በኒውትራሉ ላይ ቢደረግ፣ ዕቃው የጠፋ መስሎ ሳለ በሶኬቱ ውስጥ ኃይል ስለሚቀር የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። ለአምፖል ብቻ የተሠራ ማብሪያ ማጥፊያም ለምድጃ ወይም ለውኃ ማሞቂያ ቢውል ግሎ ይቃጠላል። የሽቦዎች መጋጠሚያ ተከፍቶ በሚታይ ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት እንጂ በልስን ተደፍኖ መቅረት የለበትም። በየማብሪያ ማጥፊያው ላይም የየትኛው ዕቃ እንደ ሆነ ቢጻፍበት ማቀዝቀዣ የሚያጠፋ እጅ አይሳሳትም። ይህን ሥራ መሥራት ያለበት የተማረ ባለሙያ ነው፤ እርሱም ቢሆን ዋናውን ማጥፊያ አጥፍቶ፣ ሽቦው ኃይል የሌለው መሆኑን በመሣሪያ ሞክሮ ይጀምር። እኛ ተማሪዎች በመጽሐፍ ያወቅነውን በራሳችን እጅ በቤት ሽቦ ላይ እንድንሞክረው አንመክርም።

ወደ ኤዲሰን ታሪክ እንመለስ። ታላቅ ሰው ሁሉ ስሕተት አለበት፤ ኤዲሰንም ከዚህ አላመለጠም። የእርሱ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ስለ ነበረ ከማመንጫው ብዙ ሊርቅ አይችልም ነበር። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በኒኮላ ቴስላ ፈጠራዎች ጭምር እየተረዳ፣ አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚመላለስና ሩቅ አገር የሚደርስ ኤሌክትሪክ አቀረበ። ኤዲሰን ይህ አዲስ ዘዴ ሰው ገዳይ ነው እያለ አጥብቆ ተቃወመ፤ አደገኛነቱን ለማሳየት በእንስሳት ላይ ለተደረገው ሙከራ እንኳ የምርምር ቤቱን ፈቀደ። በመጨረሻ ግን የዌስቲንግሃውስ ዘዴ አሸነፈ፤ ዛሬ በአገራችን ቤቶች የሚገባውም ተመላላሹ ኤሌክትሪክ ነው። በ1892 የኤዲሰን ኩባንያ ከሌላ ጋር ተዋሕዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲባል የኤዲሰን ስም ከኩባንያው መጠሪያ ላይ ወጣ። ሆኖም በኒው ዮርክ በእርሱ ዘዴ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ፈጽሞ የተቋረጠው በ2007 ነው። ልብ ማለት የሚገባን ግን የኤሌክትሪኩ ዓይነት ቢለወጥም ጎን ለጎን የመያያዙ ሥርዓት፣ ፊውዙና ማብሪያ ማጥፊያው እንዳሉ መቅረታቸውን ነው።

ኤዲሰን በ1871 ሜሪ ስቲልዌልን አግብቶ ነበር፤ እርስዋም በ1884 ሞተችበት። በ1886 ማይና ሚለርን አገባ፤ በቀጣዩም ዓመት ዌስት ኦሬንጅ በሚባል ስፍራ የበለጠ ሰፊ የምርምር ቤት ከፈተ። የብረት ማዕድን ለማውጣት ባደረገው ሙከራ ብዙ ገንዘብ ከሰረ፤ በ1914 ደግሞ ፋብሪካው በእሳት ተቃጠለ። የ67 ዓመት ሰው ቢሆንም ወዲያው እንደ ገና መሥራት ጀመረ። በዕድሜው በአሜሪካ 1093 የፈጠራ መብቶችን አግኝቷል።

ቶማስ ኤዲሰን በኦክቶበር 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ለክብሩ በአገሩ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል ለጥቂት ጊዜ በሙሉ እንዲቋረጥ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሕይወት ሁሉ በኤሌክትሪክ ላይ ተመሥርቶ ስለ ነበረ፣ ኃይሉ ቢቋረጥ ሰዎች ሊሞቱ እንደሚችሉ ታወቀና ይህ ሐሳብ ተተወ። በዚህ ፈንታ ፕሬዚዳንት ሁቨር፣ ኤዲሰን በተቀበረበት በኦክቶበር 21 ቀን ማታ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ሁሉ በየቤቱ ለአንድ ደቂቃ መብራቱን እንዲያጠፋ ጠየቁ። እንዲሁም ተደረገ።

እኛ ይህ የመጨረሻ ክብር ለኤዲሰን ሥራ ከሁሉ የሚስማማ ምስክር ነው እንላለን። ማመንጫው አልቆመም፤ የሆስፒታሉም መብራት አልጠፋም፤ ሐዘኑን ሊገልጽ የወደደ ሁሉ ግን ማንንም ሳይጎዳ በገዛ እጁ የገዛ መብራቱን አጠፋ። ኤዲሰን ባይኖር ኖሮ አምፖሉን ምናልባት ስዋን ይሰጠን ነበር። ኤዲሰን የጨመረልን ግን የሁሉ የሆነውን ኃይል እያንዳንዱ ሰው በመጠኑ እንዲያዝበት የሚያስችለውን ሥርዓት ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ተመርቀን ስንወጣ ከመካከላችን ስሙ እንደ አምፖል ከፍ ብሎ የሚታይ ጥቂት ሰው ይኖር ይሆናል። አብዛኞቻችን ግን እንደ ሽቦው ሳንታይ የምንሠራ እንሆናለን። በማይታይ ቦታ የምንሠራው ሥራ ቤት የሚያበራ እንጂ ቤት የሚያቃጥል እንዳይሆን ከዛሬ ጀምሮ እንትጋ።